ስልሳ ኪሎ የሚችል ሚዛን

አያትየዋ ከመምጣቷ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሚዛን፣ ሚዛኑ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ሰማያዊ ብርድ ልብስ። ከጠረጴዛው እግሮች አንዱ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ካርቶን ገብቶለታል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ንፋስ ከገባ ቁጥሩ ይዋልላል። የሳፋውና የብርድ ልብሱ ክብደት ሚዛኑ ላይ አስቀድሞ ስለተሞላ፣ ሚዛኑ ያንን ሁልጊዜ በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሳፋው ብርድ ልብሱን ብቻ ይዞ ሲቀመጥ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ጨቅላዋ ልጅ በዚያው ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስትተኛበት ግን የሚታየው የእሷ ክብደት ብቻ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት 3.92 ኪሎ ነበረች።

ሚዛኑ የመሥሪያ ቤት ነው። የልጅቷ እናት ሥራዋ የሚዛን ቁጥጥር ነው፤ የብረት መመዘኛዎች የታጨቁበት ሻንጣ ተሸክማ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሥጋ ቤት መጋዘን ትዞራለች፤ ልክ የሆነውን ሚዛን ታትማለች፣ ልክ ያልሆነውን ታሽጋለች። ነጋዴ እግሯ ላይ ቢወድቅ ለአሥር ግራም አትለሳለስም። ባልደረቦቿ «ግራም» የሚል ስም ካወጡላት ቆይቷል። የወለደች ጊዜ አለቃዋ አበባ ይዞ መጥቶ «ግራም ሚሊግራምን ተገላገለች!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ አዋላጇ እንኳን ፊቷን አዙራ ሳቀች። ስሙ እዚያው ተጣበቀ። ቤት ውስጥ ልጅቷን በወጣላት ስም የሚጠራት የለም፤ ሚሊ ናት።

ሚዛኑን ያዋሳትም ይኸው አለቃዋ ነው። ዱቄትና ስኳር ለሚሸጡ ሱቆች የተሠራ፣ በአሥር በአሥር ግራም የሚቆጥር፣ ስልሳ ኪሎ የሚችል ሚዛን።

«ስልሳ እስክትሞላ ያገለግልሻል» አላት። «ከዚያ በኋላ ባሏ ይመዝናት።»

ግራም አዲስ ሠራተኛ ስታሠለጥን ከሁሉ በፊት የምትነግረው አንድ ነገር ነበር፤ ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት ዜሮውን በዓይናችሁ እዩ። ዜሮውን ያላየ ሰው መዘንኩ አይበል። ይህን ስትል ጣቷን ቀስራ ስለነበር፣ ሠልጣኞቹ ከጀርባዋ እሷን ሲያስመስሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጣት መቀሰር ነበር።

ሚዛኑን ቤት ያስገባችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ በተናገረችው ምክንያት ነው። ነርሷ ሚሊን መዝና፣ ግንባሯን ከስክሳ፣ «ቀስ እያለች ነው የምትጨምረው» አለች። «እስከሚቀጥለው ሐሙስ ደህና ካልጨመረች የዱቄት ወተት እንጀምርላታለን። አይዞሽ እናት፣ ምንም ማለት አይደለም።»

ለግራም ግን ትልቅ ነገር ነበር። እሷ ራሷ ያደገችው በጣሳ ወተት ነው። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ማለዳ ትወጣና ጎረቤት ትተዋታለች። ከልጅነቷ ጥርት ብለው ከሚታዩዋት ነገሮች አንዱ የጎረቤቲቱ መደርደሪያ ነው፦ ባዶ የወተት ጣሳዎች በመስመር ተደርድረው፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ምስማር፣ አንዱ ክር ይዞ። «ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው» ይሏት ነበር። «ይሄን ሁሉ ጠጥተሽ ነው ያደግሽው።» እነሱ ለጨዋታ ነበር የሚሉት። እሷ ግን ገና ሳታገባ የኔን ልጅ በጡቴ ነው የማሳድገው ብላ ቆርጣ ነበር።

አሁን ያ ቁርጠኝነት አጥንቷን እየጋጣት ነበር። እንቅልፍ ቢገኝ እንኳ የማይለቅ ድካም ነበረባት። ሻይ ውስጥ ጨው ጨምራ ግማሹን ከጠጣች በኋላ ነው ያወቀችው። የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ቅቤውን ቁምሳጥን ውስጥ አገኘችው። የምትበላው ቆማ፣ የዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ፣ ከዳቦው ዳር ዳሩን እየቆረሰች ነው፤ ከመሃሉ ሳትደርስ ሚሊ ታለቅሳለች። ታጠባለች፣ ትመዝናለች። ከመጥባቷ በፊት አንዴ፣ ከጠባች በኋላ አንዴ። አርባ ግራም ከገባላት ትንሽ ትተነፍሳለች፤ ሃያ ከሆነ መልሳ ጡት ታጎርሳታለች፣ ያን ጊዜ ደግሞ ወተቷ ጭራሽ አልወርድ ይላል። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ እየደወለ «ስንት ገባች?» ይላታል፣ ኬላ ላይ ጭነቱን እንደሚያስመዝን ሰው። ለማጽናናት ነው። እሷ ግን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

የግራም እናት አንድ ቦርሳ ይዛ መጣች። ከቦርሳው ግማሹ ሳሙና ነበር። በሩን የከፈተችላትን ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ሳመቻት። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሚዛን ነው እማዬ።»

«እሱንማ አየሁት። ልጅ ነው የወለድሽው ወይስ ሽንኩርት?»

«ነርሷ አልጨመረችም ስላለች ነው።»

«እስቲ አምጫት።» ሚሊን ተቀብላ ክንዷ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገቻት። «ጨምራለች።»

«ከመቼ ወዲህ? ዛሬ ገና ማየትሽ ነው።»

«እንግዲህ ከዛሬ ወዲህ።»

ግራም ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቷ አልታዘዝ አላት። «ክንድሽ ስንት ግራም ያነባል?»

«ያንቺን ሚዛን ያህል አያነብም። ግን አያስለቅሳትም።»

እውነትም ሚሊ ሳፋው ውስጥ በተኛች ቁጥር እሪ ትል ነበር። አያትየዋ አንድ ቀን ይህን አየች፣ ሁለተኛውን ቀን አላስችል አላት። «ልጄ፣ ጠዋት ማታ እንደ በግ እየጣልሻት ወተት ከየት ይመጣልሻል? ደንግጠሽ ነው የደረቅሽው። ሐሙስ ቀጠሮዋ አይደል? እስከ ረቡዕ ተያት። በሞቴ።»

ግራም ለመከራከር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ማዛጋት ነበር። «እሺ» አለች። «እስከ ረቡዕ።»

በእነዚያ ቀናት ቤቱ ተለወጠ። እናቷ ሥራ ከተወች ዓመታት ቢያልፉም እጇ አልተወም፤ እድፍ ያረፈበት ጨርቅ ካየች ያሳክካታል። መጋረጃው ታጠበ፣ የትራስ ልብሱ ታጠበ፣ የባልየው የሥራ ጃኬት ሁለቴ ታጠበ። በረንዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረው ገመድ አንድ ቀን ባዶ አልዋለም። «ወተት የነካው ጨርቅ ሲያድር ይኮመጥጣል» ትላለች፤ «አራስ ቤት የሚሸተው እሱ ነው፤ እናንተ ደግሞ ሽቶ ትነፉበታላችሁ።» ግራም ወንበሯ ላይ እያጠባች፣ እያንቀላፋች፣ ትሰማታለች።

ረቡዕ ጠዋት ግራም በሚሊ ለቅሶ ነቃች። እናቷ የልጅቷን ሽንት ጨርቅ ቀይራ፣ ጠቅልላ፣ እጇ ላይ ሰጠቻት። ግራም ሚዛኑን ከፈተች። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ የቤቱ ብርሃን ዓይኗን ይወጋታል። እንደተጠቀለለች ሳፋው ውስጥ አስተኛቻት። ቁጥሩ ተዋልሎ ቆመ።

3.79።

አነሳቻት፣ መልሳ አስተኛቻት። 3.79። ሦስቴ መመዘን የሥራ ደንቧ ስለሆነ ለሦስተኛ ጊዜ አስተኛቻት። 3.79።

«ቀንሳለች» አለች።

«ማን?»

«ማን ትሆናለች? አንቺ ከመጣሽ ወዲህ መቶ ሠላሳ ግራም ቀንሳለች።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ጉንጯን አታይም?»

«ጉንጭ አይመዘንም እማዬ! በየቀኑ ብመዝናት አውቀው ነበር። ተይ አልሽኝ፣ ተውኩልሽ፣ ይኸው! ልጄን ቁጭ ብዬ እያስራብኳት፣ አንቺ መጋረጃ ታጥቢያለሽ!»

እናቷ የያዘችውን ፎጣ አጠፈች። አጠፋፉ ዘገየ፤ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኘች፣ በመዳፏ ተጭና አስተካከለችው። «እሺ፤ አሁን ምን ይሁን?»

«ሂጂና የጣሳውን ወተት ግዢልኝ።» ከዚያም አንዴ ከወጣ የማይመለስ ነገር ጨመረች። «የቱ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

እናቷ ሻርፗን ከበሩ ጀርባ አነሳች። በሩን ስትዘጋው ድምፅ አላሰማም።

ግራም በመስኮት አየቻት። መንገዱ ዳር ቆማ፣ በአንድ እጇ ሻርፗን አንገቷ ሥር ይዛ፣ መኪና እስኪያልፍ ትጠብቃለች። አንዱ አለፈ፣ ሌላ መጣ። ትሻገራለች ብላ ስትጠብቅ እንደገና ወደኋላ ተመለሰች። ከፎቅ ላይ ስትታይ በጣም ትንሽ ነበረች። ግራም መስኮቱን ከፍታ ልትጠራት እጇን ሰደደች፤ ሚሊ አለቀሰች፣ እጇን መለሰች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠቻት፤ ልጅቷ በደንብ ጠባች፣ ጉንጯ ሲሞላና ሲጎድል ይታያል፣ ስትውጥ ይሰማል። ግራም ግን አልሰማችም። ጆሮዋ ውስጥ ያለው ያ ቁጥር ብቻ ነው።

እናቷ ጣሳውን ይዛ ተመለሰች። ማንም አልጠየቃትም፤ ውሃ አፈላች፣ ጡጦ ቀቀለች፣ ዱቄቱን በማንኪያው ሰፍራ በቢላ ጀርባ ልክ ልኩን ጠረገችው፣ በጠበጠች፣ የእጅ አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን አየች። ሰላሳ ስንት ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ እጇ አንድም ቦታ አላመነታም። ግራም ጡጦውን ተቀብላ ሚሊ አፍ ላይ አደረገችው። ሚሊ ሁለቴ ሳበች፣ በምላሷ ገፋችው፣ ዓይኗን ከደነች።

«ጠግባለች» አለች አያትየዋ።

«ደክሟት ነው።»

«አፏን እይ እስቲ፣ የራበው ልጅ እንዲህ ይተኛል?»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

እናቷ ስትከፋ እጇ ሥራ ይፈልጋል። በረንዳ ወጣች። ገመዱ ላይ የቀረውን ልብስ እየዳሰሰች ሰበሰበችና አንዱን ታቅፋ ገባች፤ ሰማያዊውን ብርድ ልብስ። «ይሄ ደግሞ ውሃ መያዙ! አሁን ገና ደረቀ» አለች ለራሷ። አራት ላይ አጥፋ፣ ልክ እንደነበረው፣ ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችው።

ሚዛኑ እንደበራ ነበር። ግራም ወንበሯ ላይ ሆና ቁጥሩ ሲገላበጥ አየች። ቆመ። 0.00።

ለትንሽ ጊዜ ምን እንዳየች አላወቀችም። ጠዋት ሚሊን ስታስተኛ ግን ዜሮውን አላየችም ነበር። ዓይኗን ከቁጥሩ ወደ ጭኗ አወረደች። ሚሊ የተጠቀለለችበት ነጭ፣ ስስ ብርድ ልብስ ነበር።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ይሄ ነጩ… ሚሊ እዚህ ውስጥ የገባችው መቼ ነው?»

«ሰማያዊው ላይ አስመለሰችበት አይደል? አጠብኩት። ምነው? ነጩም ንጹሕ ነው፤ ቀቅዬዋለሁ።»

ግራም ሚሊን ፈታ ለእናቷ ሰጠቻት። ሰማያዊውን አነሳች፣ ነጩን አጥፋ በቦታው አኖረች፣ እጇን ከሚዛኑ አራቀች። ቁጥሩ ከፊቱ ሰረዝ አወጣ፤ ከዜሮ በታች 0.26። ስሱ ብርድ ልብስ ከወፍራሙ ሁለት መቶ ስልሳ ግራም ይቀልላል። ሚዛኑ የወፍራሙን ክብደት እየቀነሰ ነበር፤ የተቀነሰው ከሚሊ ነው። ሦስቴ መዝና ሦስቴ ያንኑ ስሕተት ነው ያገኘችው።

ሰማያዊውን መለሰች። ዜሮውን አየች፤ ጎንበስ ብላ፣ በቅርበት፣ ዓይኗን አሻሽታ። ከዚያ ሚሊን በሰማያዊው ጠቅልላ አስተኛቻት። 4.11። ከጠዋቱ ወዲህ የጠባችው ስልሳ ግራም ሲቀነስለት 4.05።

«ጨምራለች» አለች። ድምፅዋ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። «መቶ ሠላሳ ቀነሰች ያልኩት መቶ ሠላሳ ጨምራ ነው።»

«አላልኩሽም?»

«አልሽኝ።» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሳቅ መጣባት፣ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠ፣ ከለቅሶ ብዙ የማይለይ። «አንድ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ መጠቅለያ ወረቀቱን ሲቀይር ሚዛኑን አላስተካከለም። ልጆቼን ይንሳኝ አላወቅኩም እያለ ሲምል፣ አሽጌበት ሄድኩ። አታውቅም ይባላል እንዴ፣ ዜሮውን አታይም ወይ አልኩት።»

«እና አሁን እኔን ልታሽጊ ነው?»

«እኔን ነው መታሸግ ያለብኝ።»

«ጥሩ፣ ታሸጊና ተኚ።» እናቷ ሚሊን አንስታ ትከሻዋ ላይ አስደገፈቻት። ዓይኗን ከሚዛኑ ወደ ልጇ አዞረች። ከዚያ «አሁን ተራው የኔ ነው» አለች።

«የምን ተራ?»

«አንቺ ልጅሽን መዘንሽ። እኔስ ልጄን መመዘን አያምረኝም? ወለሉ ላይ አድርጊውና ውጪበት።»

«እማዬ፣ ሚዛኑ ስልሳ ኪሎ ነው የሚችለው። እኔ ከማርገዜ በፊት እንኳን ስልሳ ሁለት ነበርኩ። ይበላሻል፣ የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ከተበላሸ አለቃሽን እኔ አናግረዋለሁ። ውጪ ስልሽ!»

ከመጨቃጨቅ መውጣት ይቀል ነበር። ሚዛኑን ወለል ላይ አወረደች፣ ሳፋውን አነሳች፣ የተሞላውን ቅናሽ አጠፋች፣ ዜሮውን አየች። ከአቅሙ በላይ መሆኑን የሚናገረውን ምልክት እየጠበቀች ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት።

ምልክቱ አልመጣም። 49.10።

ወረደች። ዜሮውን አየች። እንደገና ወጣች። 49.10። ለሦስተኛ ጊዜ አልወጣችም።

«ስንት ይላል? መነጽሬ እዚያ ነው።»

«አርባ ዘጠኝ።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግራም እናቷ ከመጣች ጀምሮ ተቀምጣ ስታያት የመጀመሪያዋ መሰላት። «በሩን ስትከፍቺልኝ ነው ያየሁት» አለች እናቷ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ቁጥር ካልሆነ መቼ ትሰሚያለሽ?»

ውጭ አንድ መኪና ጡሩንባውን ነፍቶ አለፈ። እናቷ የሚሊን ጀርባ እየመታች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ቀጠለች። «አንቺን ጎረቤት ትቼሽ ስወጣ ጡቴ ሙሉ ነበር። አንሶላ ስጠመዝዝ ይፈስብኛል። ያጠብኩት አንሶላ ላይ ይንጠባጠብና እንደገና አጥበዋለሁ። አለቃዬ ውሃ ጨረስሽ እያለች ትጮህብኝ ነበር። ጣሳ የሰጠሁሽ አጥቼ አይደለም። ነበረኝ። ቦታው ነው የተለያየው።»

ግራም ሚዛኑ ላይ እንደቆመች ነበር። ወርዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «የቱ እንደሆነ ታውቂዋለሽ ያልኩሽ…»

«አውቀው የለ? ገዛሁት እኮ። በይ ተይው አሁን።»

እናቷ እንቁላል ጠበሰች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ፊቷ ቁጭ ብላ አበላቻት። ግራም ሦስተኛውን ጉርሻ ስትውጥ እጇ መሥራት አቃተው፤ የተቀረውን እናቷ ናት በእጇ ያጎረሰቻት፤ «አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ» እያለች፣ ሁልጊዜም አንዲት «ይህቺን ብቻ» እየተረፈቻት። ከዚያ ግራም ጫማ ሳትጫማ፣ ልብስ ሳትቀይር፣ ብርሃን ፊቷ ላይ እንዳለ ተኛች። ነቅታ ስትነሳ ቀኑ ገርጥቷል። እናቷ ወንበሩ ላይ ሚሊን ታቅፋለች፤ ጡጦው ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

«ሰጠሻት?»

«ተርባ አለቀሰች። አንቺ አልነቃሽም።»

ግራም ጡጦውን አየችው። አንስታ ወደ ብርሃን አቀረበችው። «በስንት ማንኪያ?» አለች።

«በሁለት። ልክ ልኩን።»

ሐሙስ ዕለት ነርሷ ሚሊን መዝና «ትንሽ ናት፣ ግን ጨምራለች» አለች። ግራም ከቀትር በኋላ አንድ ጡጦ እንደምትሰጣትና እሷ በዚያ ሰዓት እንደምትተኛ ነገረቻት። ነርሷ ጥሩ ነው ብላ የልጅቷን ክብደት ጻፈች፤ የእናትየውን አልጠየቀችም። የግራም እናትም እንዳሰበችው ቶሎ መሄዷን ትታ፣ ሳሙናውን ከቦርሳዋ አውጥታ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደረደረችው።

ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ የሚበራው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ለልጅም ለእናትም ሆነ። ሳፋው ውስጥ ያለውን ብርድ ልብስ ላለመንካት የግራም እናት በራሷ ላይ ደንብ አውጥታለች፤ ወደ ጠረጴዛው ስትቀርብ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። በቀጣዩ ሐሙስ ግራም ከሚዛኑ ወርዳ «አንቺስ እማዬ? ነይ ውጪ» አለቻት።

«የኔ መዛኝ ሞታለች» አለች እናቷ፣ እየሳቀች፣ ወደ በረንዳው እየሄደች።

ያን ቀን ዜሮው ከታየ በኋላ ሚሊ 4.23 ኪሎ ነበረች፤ ግራም ደግሞ 49.60።